ቀለሃ የማይጣልበት ዘመን

በልጅነታችን ቀለሃ ማለት ፉጨት ነበር። አፉን ከንፈር ላይ አስጠግቶ እፍ ማለት ብቻ! ማን ተኮሰው፣ በማን ላይ ተኮሰው ብለን አንጠይቅም። አድገን ጋዜጠኝነት ተምረን፣ የድሮ ዕቃ ታሪክ ማነፍነፍ ስንጀምር ግን አንድ ነገር ገረመን። ለ19ኛው ክፍለ ዘመን አሜሪካዊ አዳኝ ቀለሃ መጫወቻ ሳይሆን ገንዘብ ነበረች። ተኩሶ ይለቅማታል፤ ማታ እሳት ዳር ተቀምጦ እንደገና ይሞላታል።

ለምን? ጥይት አራት ነገር ናት፤ ቀለሃ፣ ባሩድ፣ አረር እና ባሩዱን የምታቀጣጥል ትንሽ ቆብ። ስትተኮስ ሦስቱ ሥራቸውን ጨርሰው ይሰናበታሉ፤ ከነሐስ የተሠራችው ቀለሃ ግን ትቀራለች። ከአራቱ ውዷም እሷው ናት።

ይህ ግን ሁልጊዜ የሚቻል አልነበረም። የ1860ው ሄንሪ እና የ1866ቱ ዊንቸስተር ጠመንጃዎች (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) የሚጎርሱት ጥይት ማቀጣጠያው በቀለሃው ጠርዝ ዙሪያ የታሸገ ስለነበር አንዴ ከተመታ አበቃ። የ1873ቱ ዊንቸስተር ግን መሃሏ ላይ የምትመታ ጥይት ይዞ መጣ። ያለቀችው ቆብ ትወጣለች፣ አዲስ ትገባለች። ከሱቅ የራቀ ሰው ጥይቱን ራሱ መሙላት ቻለ ማለት ነው። ኩባንያውም መሙያ መሣሪያውን ጨምሮ ይሸጥለት ጀመር።

በ1884 ደግሞ ጆን ባርሎ የሚባል ሰው በኮነቲከት ግዛት፣ ኒው ሄቨን ከተማ አይዲያል የተባለውን ኩባንያ አቋቋመ። ዝነኛ ምርቱ ፒንሳ የሚመስል፣ በአንድ እጅ የሚያዝ ዕቃ ነው። አሮጌ ቆብ ያወጣል፣ አዲስ ያስገባል፣ አረሩን ቀለሃው አፍ ላይ ያጠብቃል። አንዳንዱማ ጫፉ ላይ እርሳስ አቅልጦ አረር የሚያፈሱበት ፎርማ አለው። ኪስ ውስጥ የሚገባ ፋብሪካ በሉት!

ዛሬ እነዚህ ዕቃዎች ሰብሳቢ ያላቸው ቅርስ ናቸው። ታዲያ አንዱ እጃችሁ ቢገባ ዕድሜውን በምን ታውቃላችሁ? በማህተሙ። አይዲያል በ1910 ለማርሊን ተሸጠ፤ በ1925 ደግሞ የሚድልፊልዱ ላይማን ገዛው። ስለዚህ ላይማን ወይም ሚድልፊልድ የሚል ስም የተቀረጸበት ከ1925 ወዲህ ነው። አጠገቡ ያለው ቁጥር የዕቃውን ሞዴልና የሚሞላውን የጥይት ዓይነት ይነግራችኋል።

እዚህ ጋ ግን ወጥመድ አለ። የዊንቸስተር መሙያዎች ላይ 1874፣ 1882 ወይም 1894 የሚል ዓመት ታነባላችሁ። ብዙ ሰው “የተሠራበት ዓመት” ብሎ ይደመድማል። አይደለም! የፈጠራ መብቱ የተመዘገበበት ነው፤ ዕቃው ከዚያ በኋላም ለዓመታት ተሠርቷል። ሰነድ ላይ ያለ ቀን ሁሉ ድርጊቱ የተፈጸመበት ቀን እንዳልሆነ እኛም ክፍል ውስጥ ተምረን ነበር፤ ብረት ላይም ሕጉ ያው ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ፈተና ዝገቱ ነው። የመጀመሪያው ሐሳብ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጎ ማብረቅረቅ ነው። እባካችሁ አታድርጉት። የድሮዎቹ አይዲያሎች የኒኬል ቅብ አላቸው፤ ከተፋቀ አይመለስም፤ ማህተሙም አብሮ ይሄዳል። ዘይት ቀቡት፣ ቀናት ታገሱት፣ በለስላሳ ጨርቅ ጥረጉት። ብሎኑ እምቢ ካለ አትታገሉት፤ ልኩ ባልሆነ ካቻቢቴ ጭንቅላቱን ከማበላሸት እንደገና ዘይት ሰጥቶ መጠበቅ ይሻላል። የፎርማውን ውስጥ በስለት አትንኩ፤ ትንሽ ጭረት አረሩን ሁሉ ያበላሻል። የእርሳስ ብናኝ መርዝ ስለሆነ ጓንት አድርጉ፣ እጃችሁን ታጠቡ። ከዕቃው ጋር ያልተተኮሰ ቆብ ካገኛችሁ ደግሞ ዛሬም ሊፈነዳ ይችላልና ለሚያውቅ ሰው ተዉት።

ይህን ሁሉ ጥንቃቄ ምን አመጣው? ዕቃው ምስክር ስለሆነ ነዋ። በ1870ዎቹ ወደ ሜዳው የወረዱት የጎሽ አዳኞች ባሩድና እርሳስ በጋሪ ጭነው፣ ጥይታቸውን እዚያው ድንኳን ሥር እየሞሉ ነበር የሚያድኑት። በሚሊዮን ይቆጠር የነበረው የአሜሪካ ጎሽ በ1880ዎቹ ማብቂያ ወደ አንድ ሺህ ገደማ ወረደ። የጎሹ ሕይወት የታሰረበት የአገሬው ተወላጅ ሕዝብም አብሮ ተራበ። ያረጀው እጀታ የዚያን እጅ ድካም ብቻ ሳይሆን የዚያን እጅ ጥፋትም ይዟል። አብረቅርቀን መደርደሪያ ላይ ስናስቀምጠው ጌጥ ይሆናል፤ ቀስ ብለን ስንጠብቀው ግን ይናገራል።

ጥይት ውድ የነበረችበት ዘመን ለእኛም ባዕድ አይደለም። ውጅግራ የምንለው ጠመንጃ ስሙን ያገኘው ከፈረንሳዩ የ1874 “ፉዚ ግራ” ነው፤ በምኒልክ ዘመን ጥይት ከአሞሌ ጨው ጎን እንደ ሽርፍራፊ ገንዘብ ታገበያይ ነበር። እኛ ግን በልጅነታችን ቀለሃውን አፏጨንበት እንጂ ግርጌውን ገልብጠን ማህተሙን አላነበብንም። እናንተ ቤት አሮጌ ሳጥን ውስጥ አንዱ ካለ፣ ከመወልወላችሁ በፊት አንብቡት።