ኔትወርክ በሌለበት አካባቢ የሚካሄድ የፋይዳ ምዝገባ፦ መረጃው ወደ ማዕከል የሚደርስበት አሠራር

በኢትዮጵያ ዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 መሠረት የሚሰጠው ፋይዳ ለአንድ ነዋሪ አንድ ልዩ ቁጥር ብቻ የሚያስገኝ የመታወቂያ ሥርዓት ነው። በምዝገባው ወቅት ከስም፣ ከትውልድ ቀን፣ ከጾታና ከአድራሻ በተጨማሪ የአሥር ጣቶች አሻራ፣ የሁለቱም ዓይኖች አይሪስ ምስልና የፊት ፎቶግራፍ ይወሰዳል። ሥርዓቱ የተገነባበት ሞሲፕ የተባለው የሶፍትዌር መድረክ የመዝጋቢው ኮምፒውተር ከኢንተርኔት ጋር ባይገናኝም ምዝገባ እንዲያከናውን፣ ግንኙነት ሲገኝ ደግሞ የተጠራቀመውን መረጃ እንዲልክ ያስችላል።

ይህ አሠራር እንደ አብደራፊ ላሉ የምዕራብ ጎንደር ቆላማ አካባቢዎች ከፍተኛ ጠቀሜታ አለው። በአካባቢው በሰሊጥና በማሽላ እርሻዎች ለአረምና ለአጨዳ ከደጋው ወረዳዎች በርካታ የቀን ሠራተኞች በየዓመቱ ይመጣሉ። አንድ ሠራተኛ ተመዝግቦ፣ ሥራውን አጠናቅቆ ወደ ቀዬው ሲመለስ መረጃው ገና ከመዝጋቢው ኮምፒውተር ያልወጣ ሊሆን ይችላል። በመሆኑም መመዝገብ፣ የመረጃው መላክና የፋይዳ ቁጥር ማግኘት ሦስት የተለያዩ ደረጃዎች መሆናቸውን ተገልጋዮች መረዳት ይኖርባቸዋል።

መረጃው የሚያልፍባቸው ደረጃዎች

የመጀመሪያው ደረጃ ጊዜያዊ ማከማቻ ነው። አሻራና ምስል በሚነሳበት ጊዜ መረጃው የሚቀመጠው በኮምፒውተሩ የሥራ ማህደረ ትውስታ ውስጥ ሲሆን፣ ይህ ክፍል የያዘውን የሚጠብቀው ኃይል እስካለ ድረስ ብቻ ነው። የአንድ ሰው ምዝገባ ሳይጠናቀቅ ባትሪው ቢያልቅ የዚያ ሰው ምዝገባ እንደገና ይጀመራል።

ሁለተኛው ደረጃ የመላኪያ ተራ ነው። ምዝገባው ሲጠናቀቅ መረጃው በአንድ ጥቅል ተሰብስቦ በምስጠራ ይቆለፋል፤ በኮምፒውተሩ ቋሚ ማከማቻ ውስጥም ተራውን ይጠብቃል። ጥቅሉ የሚከፈተው በማዕከሉ ብቻ ነው። የመዝገብ ቁጥር ያለበት ማረጋገጫ ወረቀት ለተመዝጋቢው የሚሰጠውም ጥቅሉ ከተዘጋጀ በኋላ ነው። ስለዚህ ወረቀቱን የያዘ ሰው ከዚያ በኋላ ኮምፒውተሩ በባትሪ እጥረት ቢጠፋ መረጃው ይጠፋብኛል ብሎ መስጋት አይኖርበትም።

ሦስተኛው ደረጃ ማዕከሉ ነው። ኮምፒውተሩ ግንኙነት ሲያገኝ ጥቅሎቹን ይልካል፤ ማዕከሉም መድረሳቸውን ያረጋግጣል። ማረጋገጫው ካልመጣ ጥቅሉ በኮምፒውተሩ ውስጥ ቆይቶ እንደገና ይላካል። ማዕከሉ ጥቅሉን ከተረከበ በኋላ የተመዝጋቢውን አሻራና አይሪስ ቀደም ሲል ከተመዘገቡት ጋር ያመሳክራል፤ ቁጥር የሚሰጠውም ከዚህ ማጣራት በኋላ ነው።

ተራው የሚዘገይባቸው ምክንያቶች

የመጀመሪያው ምክንያት የኔትወርክ ፍጥነት ነው። ለምሳሌ ያህል አንድ ጥቅል 2 ሜጋባይት ቢሆንና በአንድ ቀን 100 ሰዎች ቢመዘገቡ የሚላከው መረጃ 200 ሜጋባይት ይሆናል። የኔትወርኩ ፍጥነት በሰከንድ 100 ኪሎቢት ከሆነ ይህን ለመላክ ከ4 ሰዓት ከ25 ደቂቃ በላይ ያስፈልጋል። ፍጥነቱ በሰከንድ 2,000 ኪሎቢት ቢሆን ግን ሥራው በ14 ደቂቃ ውስጥ ይጠናቀቃል። መዝጋቢ ቡድኖች መሣሪያቸውን የተሻለ ኔትወርክ ወዳለበት ከተማ ወስደው የሚልኩት በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው ምክንያት የባትሪ ኃይል ነው። የአሻራና የአይሪስ ማንሻ መሣሪያዎች ኃይል የሚያገኙት ከኮምፒውተሩ በመሆኑ፣ ምዝገባ በበዛ ቁጥር ለመላኪያ የሚተርፈው ኃይል ያንሳል። በምዕራብ ጎንደር ቆላ በመጋቢትና በሚያዝያ ወራት የሚኖረው ብርቱ ሙቀት ችግሩን ያባብሰዋል። ለኮምፒውተርና ለስልክ የሚያገለግሉ የሊቲየም ባትሪዎች በአብዛኛው ከ45 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ ሲግሉ እንዲሞሉ አይመከርም፤ በከፍተኛ ሙቀት ውስጥ ሲቆዩም ኃይል የመያዝ አቅማቸው በጊዜ ሂደት ይቀንሳል። መሣሪያዎቹ በጥላ ሥር እንዲቀመጡ የሚደረገውም ለዚህ ነው።

ሦስተኛው ምክንያት የጥንቃቄ ገደብ ነው። ሶፍትዌሩ ሳይላኩ የተጠራቀሙት ጥቅሎች ወይም ሳይላኩ የቆዩባቸው ቀናት ከተወሰነ መጠን ሲያልፉ አዲስ ምዝገባ እንዳይቀበል ተደርጎ ሊዘጋጅ ይችላል። ገደቡ ያስፈለገው ኮምፒውተሩ ቢሰረቅ ወይም ቢበላሽ የሚጠፋው ያልተላከ መረጃ ጥቂት እንዲሆን ነው። በመሆኑም መሣሪያው እየሠራ ምዝገባ ቆሟል ሲባል ተራ ጠባቂዎች አገልግሎት እንደተነፈጉ ሊቆጥሩት አይገባም።

ከመዘጋቱ በፊት ተራውን ማሟጠጥ

ባትሪው ሊያልቅ በተቃረበ ጊዜ ተገቢው ቅደም ተከተል፣ በቅድሚያ አዲስ ተመዝጋቢ መቀበልን ማቆም፣ ቀጥሎ የተጀመረውን ምዝገባ ማጠናቀቅ፣ ከዚያም ኔትወርክ ካለ በቀረው ኃይል የተጠራቀሙትን ጥቅሎች መላክና በመጨረሻ ኮምፒውተሩን በሥርዓት መዝጋት ነው። አንድ ተጨማሪ ሰው ለመመዝገብ ሲባል እስከ መጨረሻው መግፋት የዚያን ሰው ምዝገባ በመካከል ሊያቋርጥና ቀደም ብለው የተመዘገቡትንም ሊያዘገይ ይችላል።

የስልክ መልእክትም ተራ ይጠብቃል

ምዝገባው ተጣርቶ ሲጠናቀቅ ለተመዝጋቢው በሞባይል ስልኩ አጭር መልእክት ይላካል። ስልኩ ዝግ ከሆነ ወይም ኔትወርክ ከሌለው መልእክቱ በቴሌኮም ማዕከል ውስጥ ይቆያል። ይሁን እንጂ የሚቆየው ለተወሰነ ጊዜ ብቻ ሲሆን፣ ጊዜው ካለፈ ይሰረዛል። ባትሪው አልቆ ለብዙ ቀናት የተዘጋ ስልክ መልእክቱን ላያገኝ ስለሚችል፣ መልእክት አለመምጣቱ ብቻውን ምዝገባው ውድቅ ሆኗል ማለት አይደለም።

ከተገልጋዩ የሚጠበቅ

• ከመዝጋቢው ከመለየት በፊት በማረጋገጫ ወረቀቱ ላይ የሰፈሩትን ስም፣ የትውልድ ቀንና የስልክ ቁጥር ማመሳከር። ስህተት ካለ በዚያው ጊዜ ማሳወቅ ኋላ ከማሳረም ይቀላል።

• ወረቀቱን በጥንቃቄ መያዝና የሚቻል ከሆነ በስልክ ፎቶግራፍ ማንሳት። ስለ ምዝገባው የሚጠየቀው በላዩ ባለው የመዝገብ ቁጥር ነው።

• በእጅ የሚቆይ የስልክ ቁጥር ማስመዝገብ። ለሥራ ወቅት ብቻ የተያዘ ሲም ካርድ ሠራተኛው ወደ ቀዬው ሲመለስ ከተጣለ መልእክቱ ባለቤቱን አያገኝም።

• ቁጥሩ ዘገየ ብሎ በሌላ ጣቢያ ዳግም አለመመዝገብ። ሥርዓቱ ተመሳሳይ አሻራና አይሪስ ስለሚለይ ሁለተኛው ምዝገባ ውድቅ ሊሆን ወይም ለማጣራት ሊቆይ ይችላል። በቅድሚያ የመዝገብ ቁጥሩን ይዞ ያለበትን ሁኔታ መጠየቅ ይገባል።

• የፋይዳ ምዝገባ በነፃ የሚሰጥ አገልግሎት በመሆኑ መረጃው ቶሎ እንዲላክ በሚል ለማንም ገንዘብ አለመክፈል።

መሣሪያው ሳይልክ መበላሸቱ ወይም መጥፋቱ ከተረጋገጠ ግን ያልተላኩት ጥቅሎች የሚገኙት በእርሱ ላይ ብቻ ስለሆነ እንደገና መመዝገብ ግድ ይሆናል። በዚህ ጊዜ የቀድሞው ማረጋገጫ ወረቀት ምዝገባው መቼና በየትኛው ጣቢያ እንደተካሄደ ለማስረዳት ያገለግላል።

በሌሎች አገልግሎቶች

ተመሳሳይ ጥንቃቄ በሞባይል ክፍያም ያስፈልጋል። በቴሌብር የተከፈለ ሒሳብ ማረጋገጫ መልእክቱ ቢዘገይ ክፍያው አልተፈጸመም ብሎ ወዲያውኑ መድገም ሁለት ጊዜ ወደ መክፈል ሊያመራ ይችላል። ደንበኛው ክፍያውን ከመድገሙ በፊት በ*127# ወይም በመተግበሪያው ቀሪ ሒሳቡን ማየት ይኖርበታል።