የጎድን ጥብስ በከሰል፦ በግቢ ውስጥ ሲጠበስ የሚደረግ ጥንቃቄ

የጎድን ጥብስ የበሬ፣ የበግ ወይም የፍየል ጎድን ከነአጥንቱ በከሰል ፍም ላይ በተዘረጋ ብረት ወይም ሽቦ የሚጠበስ ምግብ ነው። በመርካቶና በአካባቢዋ ባሉ ግቢዎች ፋሲካ፣ ገናና ኢድ ሲደርሱ፣ አንዳንዴም እሁድ ከሰዓት ይዘወተራል። ከበዓል ማግስት ተረኛ ስሆን በብዛት የማያቸው ታካሚዎች በከሰል ጭስ የታፈኑ፣ በእሳት የተቃጠሉና ሆዳቸውን የያዛቸው ናቸው። ከሁሉም የሚያስፈራኝ የመጀመሪያው ስለሆነ ከእሱ እጀምራለሁ።

የከሰል መታፈን

ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ያወጣል። ጋዙ ቀለም የለውም፣ አይሸትም፣ ዓይንም አያቃጥልም። በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በሚበልጥ ኃይል ስለሚጣበቀው ሰውየው እየተነፈሰም ቢሆን አንጎሉና ልቡ ኦክስጅን ያጣሉ።

ብዙ ሰው «ጭሱ ካለቀ አይጎዳም» ይላል። ይህ ስህተት ነው። ጭስ ያቆመ፣ አመድ የለበሰ ቀይ ፍምም ጋዙን ያወጣል። እንዲያውም አደጋው ብዙ ጊዜ የሚደርሰው ሲጠበስ ሳይሆን ከተጠበሰ በኋላ ነው። ማታ ሲበርድ ፍሙ እንዳይባክን ተብሎ ምድጃው ወደ ቤት ይገባል፤ ቡና ይፈላበታል፣ ልጆች ይሞቁታል፣ ከዚያ በሩ ተዘግቶ ይተኛል። ግቢው ጠባብ ከሆነና ዝናብ ከመጣ ደግሞ ምድጃው መጀመሪያ ወደ በረንዳ፣ ቀጥሎ ወደ ማድቤት ይሸሻል። ሸራ የተወጠረበትና በሦስት በኩል የተዘጋ በረንዳ እንደ ቤት ይቆጠር። መስኮት ገርበብ ማድረግም በቂ አይደለም። ተጠብሶ ሲያበቃ ፍሙን እዚያው ውጭ ውኃ አፍስሰው ያጥፉት፤ ውኃው ሲነካው ትኩስ እንፋሎት ስለሚያወጣ ራቅ ብለው ቀስ በቀስ ያፍስሱ።

ምልክቶቹ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽና ማስመለስ፣ ድካም፣ ግራ መጋባት፣ በኋላም ራስን መሳት ናቸው። ከምግብ መመረዝ ጋር በቀላሉ ይምታታሉ፤ በበዓል ቀን ደግሞ ሁሉም ሰው ሥጋውን ይጠረጥራል። በአንድ ክፍል የነበሩ ሰዎች አብረው ራሳቸውን ካመማቸው፣ ውጭ ሲወጡም ከተሻላቸው ከሰሉን ይጠርጥሩ። ነፍሰ ጡሮች፣ ሕፃናት፣ አረጋውያንና የልብ ሕመም ያለባቸው ቶሎ ይጎዳሉ። እናትየው ትንሽ ብቻ ቢያማትም በማህፀን ያለው ጽንስ በጣም ሊጎዳ ስለሚችል ነፍሰ ጡር ሴት «አሁን ተሽሎኛል» ብትልም ትመርመር።

የታፈነ ሰው ካገኙ መጀመሪያ በርና መስኮት ከፍተው ሰውየውን ወደ ውጭ ያውጡ። ሽንኩርት በማሽተት ወይም ወተት በማጠጣት ጊዜ አያጥፉ፤ ራሱን ለሳተ ሰው በአፍ ምንም አይሰጥም። በአዲስ አበባ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907፣ የእሳትና ድንገተኛ አደጋ በ939 ይጠራል። ጤና ተቋም ሲደርሱ «ከሰል የነደደበት ክፍል ውስጥ ነበር» ብለው ሳይጠየቁ ይናገሩ። ጣት ላይ የሚደረገው የተለመደው የኦክስጅን መለኪያ ካርቦን ሞኖክሳይዱን ከኦክስጅን ስለማይለይ ቁጥሩ ጤነኛ ሊመስል ይችላል፤ ሐኪሙን ወደ ትክክለኛው ሕክምና የሚመራው የእናንተ ቃል ነው። ሕክምናው በጭንብል የሚሰጥ ኦክስጅን ነው። ታካሚው ወደ ቤቱ ከተመለሰ በኋላ ከቀናት ወይም ከሳምንታት ቆይቶ የመርሳት፣ የጠባይ ለውጥ ወይም የአረማመድ ችግር ከታየበት እንደገና ይምጣ።

ምድጃውና ቃጠሎ

ምናለሽ ተራ ከአሮጌ በርሜልና ከቁርጥራጭ ብረት ያማረ ምድጃ ይሠራል፤ የባለሙያዎቹን እጅ አደንቃለሁ። ሲገዙ ግን በርሜሉ ቀድሞ ምን ይዞ እንደነበር ይጠይቁ። የኬሚካል ወይም የፀረ ተባይ መያዣ የነበረ በርሜል በምንም ዓይነት ለምግብ አይሆንም። ቀለም የተቀባ ከሆነ ቀለሙ ተፍቆ ይነሳ፤ ከዚያም ያለ ምግብ፣ ከቤት ራቅ ብሎ በደንብ ይንደድበት። ዚንክ የተለበጠ ላሜራ በጣም ሲግል የሚያወጣው ጢስ ከሰዓታት በኋላ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለትና በአፍ ውስጥ የብረት ጣዕም ያስከትላል። በአሮጌ ፍሪጅ መደርደሪያ ላይ መጥበስም ይቅር፤ ሽፋኑ ካድሚየም የሚባል መርዛማ ብረት ሊኖረው ይችላል።

ከሰሉን በፌስታል ወይም በጎማ አያያይዙ። ጭራሮ ይበቃል። በተያያዘ ከሰል ላይ ነጭ ጋዝ ወይም ቤንዚን መጨመር ፊትና እጅ ከሚቃጠልባቸው መንገዶች አንዱ ነው። የተቃጠለውን ቦታ ወዲያውኑ በሚፈስ ቀዝቃዛ ውኃ ለ20 ደቂቃ ያቆዩት፤ ቀለበትና ሰዓት ሳያብጥ ይውለቅ። የጥርስ ሳሙና፣ እንቁላል፣ ቡና ወይም በረዶ አይደረግበትም። ፊት፣ እጅ ወይም ብልት ከተቃጠለ፣ ውኃ የቋጠረው ቦታ ከታካሚው መዳፍ ከሰፋ፣ ወይም የተቃጠለው ሕፃን ከሆነ ይምጡ።

ሥጋው

የበሬ ሥጋ በጥሬው ወይም ለብ ለብ ብሎ ሲበላ የኮሶ ትል ያስተላልፋል። የትሉ እጭ በሥጋው ውስጥ እንደ ሩዝ ፍሬ ያለ ነጭ ከረጢት ሆኖ ይቀመጣል። በቄራ ታርዶ በእንስሳት ሐኪም ማኅተም የተመታ ሥጋ መግዛት ጥሩ ነው፤ ይሁን እንጂ ምርመራው ጥቂት እጭ ያለበትን ሥጋ ሊያልፈው ይችላል። በቅርጫ የታረደው ደግሞ ብዙ ጊዜ ጭራሽ አይመረመርም። አረቄም ሆነ ሚጥሚጣ እጩን አይገድልም። የሚገድለው ሙቀት ነው፦ የሥጋው መሀል 63 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ደርሶ ከእሳት ከወረደ በኋላ ለ3 ደቂቃ ይረፍ። ቴርሞሜትር ከሌለ በአጥንቱ ጥግ ቆርጠው ያረጋግጡ፤ ቀይ ወይም እንደ ጥሬ የሚለጠጥ ከሆነ ይመለስ። የላይኛው ቀለም ያታልላል፤ ጎድን ውጪው ጠቁሮ አጥንቱ ስር ጥሬ ይሆናል።

የበሬ ጎድን ጅማትና ስብ ስለሚበዛው ቀድሞ መቀቀልና መጨረሻ ላይ ብቻ ፍም ላይ ማድረግ እመክራለሁ። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውኃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ስለዚህ ጎድኑ እስኪለሰልስ ቆላ ካለ ቤት የበለጠ ጊዜ ይፈልጋል፣ 2 ሰዓትና ከዚያም በላይ። የበግ ጎድን ቀጭን ስለሆነ በቀጥታ ሊጠበስ ይችላል።

ጥሬ ሥጋ የተበጣበትን ቢላዋና ሳህን ሳያጥቡ ለሰላጣ ወይም ለተጠበሰው ሥጋ አይጠቀሙ። ጥሬው የተዘፈዘፈበትን አዋዜም ካልፈላ መልሰው ለማጥቀሻ አያቅርቡ። የተረፈው ከ2 ሰዓት በላይ ውጭ ሳይቆይ ፍሪጅ ይግባ።

ነጫጭ የሚንቀሳቀሱ ቁርጥራጮች በሰገራ ወይም በውስጥ ልብስ ላይ ካዩ ኮሶ ነው። ፕራዚኳንቴል ወይም ኒክሎሳማይድ ታዝዞ በአንድ ጊዜ መጠን አብዛኛውን ጊዜ ይድናል። የኮሶ ዛፍ አበባ መጠኑ ስለማይታወቅ፣ በተለይ ለነፍሰ ጡር፣ አልመክረውም።

ስቡ ፍሙ ላይ ሲንጠባጠብ የሚነሳው ጭስና የጠቆረው የሥጋ ክፍል ከካንሰር ጋር የተያያዙ ንጥረ ነገሮችን ይይዛሉ። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2015 እ.ኤ.አ. ቀይ ሥጋን «ካንሰር ሳያስከትል አይቀርም» ከሚለው ምድብ አስገብቶታል። በዓመት ጥቂት ጊዜ የሚበላ ጥብስ እንቅልፍ የሚያሳጣ አይደለም። ፍሙን ወደ አንድ ጎን ሰብስበው ሥጋውን በሌላው በኩል ያድርጉ፤ የጠቆረውን ቆርጠው ይጣሉ። የጥብስ ቅጠል ጨምሮ መዘፍዘፍ ከእነዚህ ንጥረ ነገሮች አንዳንዶቹን እንደሚቀንስ በቤተ ሙከራ ታይቷል፤ ለጣዕሙም ቢሆን እኔ አልተውም።

ከጾም ማግስት

ከ55 ቀን ጾም በኋላ ስብ የበዛበት ጎድን ሲበላ የሐሞት ጠጠር ያለበት ሰው ሆዱን ከቀኝ የጎድን አጥንት ስር ሊያመው ይችላል፤ ሕመሙ ወደ ጀርባ ወይም ወደ ቀኝ ትከሻ ይወጣል። ብዙዎች «ጨጓራዬ ነው» ብለው መድኃኒት ገዝተው ይቆያሉ። ሕመሙ ከጥቂት ሰዓት በላይ ከቆየ፣ ትኩሳት ከተጨመረ ወይም ዓይን ቢጫ ከሆነ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ይሂዱ። የልብ ሕመም ተጋላጭ የሆነ ሰው ደግሞ ከበላ በኋላ ደረቱን ጨምድዶ ከያዘውና ካላበው የምግብ አለመፈጨት ነው ብሎ አይጠብቅ፤ አምቡላንስ ይጥራ።