ግመል ላይ የሚጫን ቤት

በጅግጅጋ ሜዳና በሽንሌ ቆላ ከብት እየነዱ የኖሩ ሶማሌዎች «ቤት የላቸውም» ሲባል ይሰማል። ስህተት ነው። አቃል የሚሉት ተንቀሳቃሽ ጎጆአቸው ቤት ነው፤ ያውም መሐንዲሷም ጠጋኟም ሴት የሆነችበት። የግራር ሥር ወይም ቅርንጫፍ እርጥብ ሳለ ተቀልሶ ቅስት ይሆናል፤ ከሣርና ከልጥ ቃጫ የተሠራ ምንጣፍም ይለብሳል። እንግሊዛዊው ተጓዥ ሪቻርድ በርተን እ.ኤ.አ. በ1854 ከዘይላ ወደ ሐረር ሲጓዝ እነዚህን ጎጆዎች አይቶ ጽፏል። ጓዝ ሲነሣ ሴቶቹ ቤቱን አፍርሰው ግመል ላይ ይጭኑታል፤ ሲሰፍሩ መልሰው ያቆሙታል። በመሐል ያለው ሥራ ግን ማለቂያ የለውም፦ ልጥ መቀጥቀጥ፣ ቃጫ መግመድ፣ ያረጀ ምንጣፍ መተካት፣ የወተት ዕቃውን ማጠን።

ሣርና ውሃ የሚያስሰው፣ ግመሉንም የሚነዳው ወንዱ ነው፤ ታዲያ የጉዞው ጌታ እሱ አይደለምን? ይባል ይሆናል። መድረሻውን መምረጡ እውነት ነው። ነገር ግን ምንጣፉ ካፈሰሰ፣ ገመዱ ከተበጠሰ የተመረጠው መስክ ለቤተሰቡ ምን ይረባል? ቋንቋው ራሱ ይመሰክራል፤ በሶማሊኛ «ጉር» ጓዝ አንሥቶ መሄድም ነው፣ ጋብቻም ነው። ጋብቻውም ከቤቱ ይጀምራል፤ የሙሽራይቱን አቃል የሚያሰናዱት እናቷና ዘመዶቿ ናቸው። ዛሬ ምንጣፉን በብዙ ቦታ ሸራና ፕላስቲክ ተክቶታል፤ ቅስቱን የምትተክለው ግን አሁንም ሴቷ ናት።