የተራራዋ ከተማ የወቅፍ ቅርስ፦ ሳራዬቮ ቤተሰቦቿን በምን ደገፈች?

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



የዛሬው የታሪክ ዝግጅታችን በአንድ ጥያቄ ይጀምራል። በተራሮች መሐል የተቀመጠች፣ ማሳዋ ጠባብ፣ ክረምቷ ከባድ፣ መንገዷ አስቸጋሪ የሆነች ትንሽ ከተማ ቤተሰቦቿን በምን ልትደግፍ ትችላለች? አባታቸው የሞተባቸው የቲሞች፣ የልጆቿ ቀለብ ያለቀባት እናት፣ ሥራ ለመጀመር ጥቂት ገንዘብ የቸገረው የእጅ ባለሙያ ወደ ማን ይሂዱ? ብዙዎቻችን መልሱን ከሁለት ቦታ እንጠብቃለን፤ ወይ ከመንግሥት፣ ወይ ከውጭ ከሚመጣ እርዳታ። የሙስሊሞች ታሪክ ግን ሦስተኛ መልስ አለው። እሱም ወቅፍ ነው።

የወቅፍ መነሻ

የወቅፍ መሠረቱ በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘመን ተጥሏል። ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ) በኸይበር ጥሩ መሬት አገኙ። ከዚያ የተሻለ ንብረት ኖሯቸው አያውቅም ነበርና ምን ላድርገው ብለው የአላህን መልዕክተኛ (ሰ.ዐ.ወ) አማከሩ። የተሰጣቸው ምክር ዋናውን ንብረት አስረው ፍሬውን እንዲሰጡ ነበር። ዑመርም መሬቱ እንዳይሸጥ፣ ለሰው እንዳይሰጥና በውርስ እንዳይከፋፈል አድርገው፣ ፍሬው ለድሆች፣ ለዘመዶች፣ ለመንገደኞችና ለእንግዶች እንዲውል ወሰኑ። ይህ ታሪክ በቡኻሪና በሙስሊም ሰሒሖች ውስጥ ተዘግቧል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። ሰደቃ የዛሬውን ረሐብ ያስታግሳል። ወቅፍ ደግሞ የዛሬ ሃምሳ ዓመት የሚራበውን ሕፃን ከአሁኑ ያስባል። ዛፉን ተክሎ ፍሬውን ላላየው ሰው እንደሚተው ገበሬ ነው።

ትንሽ የገበያ ስፍራ የነበረች ከተማ

አሁን ወደ ቦስኒያ እንሂድ። ሳራዬቮ ዛሬ የቦስኒያና ሄርዞጎቪና ዋና ከተማ ናት። ትሬቤቪች፣ ያሆሪና፣ ኢግማንና ብዬላሽኒትሳ በሚባሉ ተራሮች ተከባ በሚልያትስካ ወንዝ ሸለቆ ውስጥ ትገኛለች። በ15ኛው ክፍለ ዘመን ግን ትንሽ የገበያ ስፍራ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1480ዎቹ በተካሄደ የኦቶማን (ዑስማኒያ) የግብር ቆጠራ ውስጥ የተመዘገቡት የሙስሊም ቤቶች ሃምሳ እንኳ አይሞሉም ነበር። የክርስቲያኖቹ ቤቶች ደግሞ መቶ ያህል ነበሩ።

ይህችን ስፍራ ከተማ ያደረጋት ዒሳ ቤይ ኢስሐቆቪች የተባለ የኦቶማን ገዢ ነው። የወቅፍ ሰነዱ የተጻፈው በ866 ዓመተ ሂጅራ፣ እ.ኤ.አ. በ1462 ነው። ሳራዬቮ ልደቷን የምትቆጥረው ከዚህ ሰነድ ነው። ስሟ ራሱ ዒሳ ቤይ ካሠራው “ሰራይ”፣ ማለትም ቤተ መንግሥት የመጣ ነው። የልደት ወረቀቷ ግን የጦርነት ድል ወይም የንጉሥ አዋጅ ሳይሆን የወቅፍ ሰነድ ነው።

በሰነዱ ውስጥ ምን አለ? ዒሳ ቤይ በወንዙ ዳር ለድሃ መንገደኞችና ለዕውቀት ፈላጊዎች የሚሆን ዛውያና ማረፊያ አሠራ። እዚያ የሚያርፍ እንግዳ ምግብ ይቀርብለታል። ቀጥሎ ያለውን በጥሞና አዳምጡ። ከእንግዶቹ የተረፈው ምግብ ለከተማዋ ድሃ ልጆች እንዲሰጥ ሰነዱ ያዛል። ከተማይቱ ገና ሳትቆም ስለ ድሃ ልጆቿ እራት ታስቦ ነበር ማለት ነው።

ለዚህ ሁሉ ወጪ ገቢው ከየት ይመጣል? የውኃ ወፍጮዎች፣ ሱቆች፣ የሕዝብ መታጠቢያ ቤትና የነጋዴዎች ማረፊያ አብረው ወቅፍ ተደረጉ። ብልሃቱ እዚህ ላይ ነው። ወፍጮው ለእናቶች እህል ይፈጫል፤ የሚከፈለው ገንዘብ ደግሞ የዛውያውን ድስት ይጥዳል። ሱቁ ለነጋዴው የመነገጃ ቦታ ይሆናል፤ ኪራዩ ደግሞ ድሃውን ይመግባል። ማለትም ለቤተሰብ የሚጠቅመው ንብረቱ ሁለት ጊዜ ነው፤ በአገልግሎቱም በገቢውም።

የጋዚ ኹስረው ቤይ ሥራ

ከስልሳ ዓመት ገደማ በኋላ ሌላ ታላቅ ወቃፊ መጣ። ጋዚ ኹስረው ቤይ ይባላል። እናቱ የሱልጣን ባየዚድ ሁለተኛ ልጅ ነበረች። እ.ኤ.አ. ከ1521 ጀምሮ፣ አልፎ አልፎ እየተቋረጠም ቢሆን፣ እስከሞተበት 1541 ድረስ ቦስኒያን አስተዳድሯል። ታላቁ መስጊዱ በ1530 አካባቢ ተጠናቀቀ። በአቅራቢያውም የሕዝብ መጸዳጃ፣ ለወንዶችና ለሴቶች የተለያየ ክፍል ያለው መታጠቢያ ቤት፣ የእንግዳ ማረፊያና ለድሆች የሚያበስል ማዕድ ቤት ተሠሩ። በ1537 ለእናቱ መታሰቢያ ያሠራው መድረሳ ተመሠረተ። ከግንባታው ገንዘብ የሚተርፈው መጽሐፍ እንዲገዛበት አዘዘ። የዛሬው ጋዚ ኹስረው ቤይ ቤተ መጻሕፍት መነሻው ያ ትርፍ ገንዘብ ነው።

ሰውዬው ከሞተ ከሦስት መቶ ዓመታት በላይ ካለፈ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1866፣ ከወቅፉ ገቢ በሳራዬቮ ሆስፒታል ተከፈተ። በቦስኒያ የመጀመሪያው የሕዝብ ሆስፒታል እሱ ነው። የታመመ ሁሉ፣ ሃይማኖቱ ሳይጠየቅ ይታከምበት ነበር። ወቃፊው ያላያቸው እናቶች፣ ያላወቃቸው ሕፃናት በገንዘቡ ታከሙ። ሰደቀቱን ጃሪያ የምንለው ይህንን ነው።

የሰፈር አደረጃጀትና የገንዘብ ወቅፍ

“ይህ የገዢዎችና የሱልጣን ዘመዶች ታሪክ ነው፤ እኛ ድሆች ምን እናድርግ?” የሚል አድማጭ አይጠፋም። ተገቢ ጥያቄ ነው። መልሱ በከተማዋ ሰፈሮች ውስጥ ይገኛል።

ሳራዬቮ ወደ ተራራው ወገብ እየወጣች ስትሰፋ በትናንሽ ሰፈሮች ተከፋፈለች። አንድ ሰፈር ጥቂት አሥር ቤቶች፣ አንድ መስጊድ፣ አንድ የሕፃናት ቁርኣን ቤትና አንድ የውኃ ምንጭ ይኖረዋል። አብዛኞቹን የሠሯቸው ገዢዎች አይደሉም። ቆዳ ፋቂዎች፣ ነጋዴዎች፣ አንጥረኞች ነበሩ። ሴቶችም ብዙዎቹ ወቃፊዎች ነበሩ። ቤቷን፣ ሱቋን ወይም ያጠራቀመችውን ገንዘብ ወቅፍ አድርጋ በሰነድ ያስመዘገበች ሴት በከተማዋ መዝገብ ውስጥ እንግዳ አይደለችም።

በኦቶማን ከተሞች የተለመደ አንድ የሰፈር ወቅፍ ነበር። መንግሥት ድንገተኛ ግብር ሲጥል ግብሩ በየቤቱ ይደለደላል። ድሃው ከየት አምጥቶ ይከፍላል? ላሙን ይሸጣል፣ ወይም ቀዬውን ጥሎ ይሰደዳል። ስለዚህ የሰፈሩ ሰዎች ለዚህ ቀን የሚሆን ገንዘብ ወቅፍ ያደርጉ ነበር። ከትርፉ የድሆች ድርሻ ይከፈላል። ከተረፈ የታመመ ይታገዝበታል፣ ድሃ ይቀበርበታል። ቤተሰብ ሳይፈርስ በፊት መደገፍ ማለት ይህ ነው። ከፈረሰ በኋላ የሚደረግ እርዳታ ወጪው ይበዛል፣ ውጤቱም ያንሳል።

ሐቁን ሳንሸሽግ እንናገር። ይህ የገንዘብ ወቅፍ ዑለማዎችን አከራክሯል። ገንዘቡ ለነጋዴዎችና ለእጅ ባለሙያዎች ይሰጥና ለአሥር አሥራ አንድ እየተባለ ይመለስ ነበር። ወለድ እንዳይሆን በሽያጭ ውል መልክ ይደረግ ነበር ቢባልም፣ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ሸይኹል ኢስላም ቺቪዛዴ አጥብቀው ተቃወሙት። ኢማም ቢርጊቪም እንዲሁ። ከቺቪዛዴ ጥቂት ዓመታት በኋላ ሸይኹል ኢስላም የሆኑት አቡ ሱዑድ ደግሞ የሕዝቡን ችግርና የተስፋፋውን ልማድ አይተው ፈቀዱት። እኛ ዛሬ ከዚህ የምንወስደው አሠራሩን እንዳለ መቅዳት አይደለም። ቀርደል ሐሰን አለ፣ ሙራበሓ አለ፣ ሙዷረባ አለ። በሀገራችንም ከ2013 ዓ.ል. ጀምሮ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆኑ ባንኮች ሥራ ጀምረዋል። ጥርጣሬ ያለበትን መንገድ ሳንረግጥ ዓላማውን ማሳካት እንችላለን።

ጎረቤትን ያልዘነጋ ድጋፍ

ከስፔን የተባረሩ አይሁዶች በ16ኛው ክፍለ ዘመን ሳራዬቮ ደረሱ። ሲያውሽ ፓሻ የተባለው ሹም እ.ኤ.አ. በ1581 አካባቢ ትልቅ የመኖሪያ ግቢ በወቅፍ አሠራ፤ ድሃ የአይሁድ ቤተሰቦች ይኖሩበት ነበር። ይህ መልካም ጉርብትና ከዘመናት በኋላ ፍሬ አፍርቷል። እ.ኤ.አ. ከ1992 እስከ 1996 ከተማዋ በተከበበች ጊዜ በ1892 የተመሠረተው የአይሁዶች የበጎ አድራጎት ማኅበር “ላ ቤኔቮለንሲያ” ማዕድ ቤቱንና መድኃኒት ቤቱን ለሁሉም ከፈተ፤ ሙስሊሞችም በሉበት፣ ታከሙበት። በ1913 የተቋቋመው የሙስሊሞቹ ማኅበር “መርሐመት” ደግሞ በበኩሉ የተራበውን ይመግብ ነበር። የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኞችም መጻሕፍቱን በሣጥን እየሞሉ ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ቦታ በማሸሽ ከቃጠሎ አዳኗቸው። ቤተ መጻሕፍቱ በ2014 አዲስ ሕንፃ ተመርቆለታል።

ወቅፉን የጎዳው ምንድን ነው?

የሳራዬቮ ወቅፍ ያጋጠመው መከራ ቀላል አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1697 የኦስትሪያው ጦር ከተማዋን አቃጠለ። በ1878 አስተዳደሩ በኦስትሪያ-ሃንጋሪ እጅ ገባ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የሶሻሊስቷ ዩጎዝላቪያ መንግሥት መሬቶችን፣ በ1958 ደግሞ የሚከራዩ ሕንፃዎችን ወረሰ። ከውስጥ የመጣ ጉዳትም ነበር። ወቅፉን እንደ ግል ርስቱ የሚቆጥር ሙተወሊ፣ ኪራይ ሳይከፍል የሚቀመጥ ዘመድ፣ ሳይጠገን የሚፈርስ ሱቅ በየሀገሩ የወቅፍ ታሪክ ውስጥ አሉ። የሐነፊ ፉቀሃዎች ከወቅፍ ገቢ መጀመሪያ የሚወጣው ለጥገና ነው ያሉት ይህን አውቀው ነው።

ከእኛ ጋር ምን ያገናኘዋል?

ይህ ታሪክ ለእኛ ባዕድ አይደለም። በሐምሌ 1967 ዓ.ል. የወጣው አዋጅ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ሲያደርግ መስጊዶች እያከራዩ የሚተዳደሩባቸው ቤቶችም አብረው ሄደዋል። ከዚያ በኋላ ያደገው ትውልድ ወቅፍ ሲባል የመስጊድ ቦታን ብቻ ማሰብ ለመደ። ውጤቱን እያየን ነው። በብዙ ብር ያማረ መስጊድ እንሠራለን፤ ኢማሙ ግን ደመወዙን ከጁሙዓ መዋጮ ይጠብቃል፤ በአጥሩ ሥር ያለችው የየቲሞች እናት ደግሞ እጇን ትዘረጋለች።

ይሁንና ባዶ እጃችንን አይደለንም። የወሎ ተራራማ ከተሞችና ገጠሮች ቅሬ አላቸው። ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ቅሬ ታቅፎ ሬሳ ያነሳል፣ ሐዘንተኛ ያጽናናል። በሌላውም አካባቢ እድር አለ። መዋጮው አለ፣ ዳኛው አለ፣ መተማመኑም አለ። የጎደለው ነገር ቢኖር ይህ ሁሉ ጉልበት በአብዛኛው ለሞት ቀን መዋሉ ነው። ሟችን በክብር የሚሸኝ ሰፈር የሟችን ልጆች በትምህርት ቤት ማቆየት እንዴት ያቅተዋል?

ስለዚህ ከሳራዬቮ አራት ነገሮችን እንውሰድ። አንደኛ፣ መስጊድ ሲሠራ ገቢ የሚያስገኝ ነገር አብሮ ይሠራ፤ አንድ ሱቅ ወይም አንድ የእህል ወፍጮ ይበቃል። ሁለተኛ፣ የወቅፉ ሰነድ ገቢው ለማን እንደሚውል በግልጽ ይጻፍ፤ “ለድሆች” ከሚል ይልቅ “በዚህ ሰፈር ላሉ የቲሞች የትምህርት ወጪ” ቢል ይሻላል። በ2012 ዓ.ል. በወጣው አዋጅ የኢትዮጵያ እስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤት ሕጋዊ ሰውነት አግኝቷልና ንብረቱን በስም አስመዝግቦ ለመያዝ የተሻለ በር ተከፍቷል። ሦስተኛ፣ ሙተወሊው በየዓመቱ በጀመዓው ፊት ሒሳብ ያቅርብ፤ የጥገናው ድርሻም አስቀድሞ ይቀመጥ። አራተኛ፣ ሴቶች በመስጠትም በማስተዳደርም ይሳተፉ። የትኛው ቤት ጭስ እንደማይወጣበት ከእነሱ በላይ የሚያውቅ የለም።

ውድ አድማጮች፣ ዒሳ ቤይ ከሞተ አምስት መቶ ዓመታት አልፈዋል። ሰራዩ የለም፤ የጦር ሹመቱም ተረስቷል። የከተማዋ ሰዎች ዛሬም ስሙን የሚያነሱት ለሕዝብ በተወው ነገር ነው። የእያንዳንዳችን አቅም ይለያይ ይሆናል። ዐሥር ቤተሰብ ተሰባስቦ አንዲት ሱቅ ወቅፍ ማድረግ ግን ከአብዛኞቹ ከተሞቻችን አቅም በላይ አይደለም። የእንግዳው ትራፊ ለድሃ ልጆች ይሰጥ ብሎ የጻፈው ሰው የጀመረው በትንሽ የገበያ ስፍራ ነበር።

አላህ (ሱ.ወ.) ከእኛ በኋላ የሚቀጥል መልካም ሥራ ይወፍቀን። አሚን።