ምክር ከመከራ በፊት፤ የአመክሮ ሹም ታሪክ

«ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» ይላል የአማርኛ ተረት። ተረቱ ሁለት መካሪዎችን ያውቃል። አንደኛው ሰው ነው፤ አባት ወይም እናት፣ የነፍስ አባት፣ ሽማግሌ፣ ጎረቤት። ሁለተኛው መከራ ራሱ ነው፤ ረኀብ፣ ውርደት፣ እስር። ቋንቋውም ቢሆን ሁለቱን ያበቀላቸው ከአንድ ሥር ነው። በግዕዝ «መከረ» ምክር ሰጠ ማለት ሲሆን «አመከረ» ደግሞ ፈተነ፣ ሞከረ ማለት ነው፤ «መከራ»ም ከዚያው ግንድ የወጣ ቅርንጫፍ ነው። አንድ እስረኛ መልካም ጠባዩ ተመስክሮለት የፍርዱ ዘመን ሳያልቅ ሲለቀቅ «በአመክሮ ተፈታ» የሚባለው በዚሁ ቃል ነው።

የሩቅ አገር ሰዎችም ለተቀራራቢ ነገር ስም ሲፈልጉ የሄዱት በዚሁ መንገድ ነው። «ፕሮቤሽን» የሚለው ቃል መፈተን፣ መሞከር ከሚል የላቲን ግስ የመጣ ነው። ጥፋቱ የተረጋገጠበት ሰው ወደ ወህኒ ከመውረድ ይልቅ በቤቱና በመንደሩ እየኖረ እንዲፈተን ይፈቀድለታል፤ ለዚያ የፈተና ዘመንም አንድ ሰው ይመደብለታል። ይህ ሰው በእንግሊዝኛ ፕሮቤሽን ኦፊሰር ይባላል፤ በአማርኛ የአመክሮ ሹም ቢባል ያስኬዳል። ሹሙ የሚቆመው ከሁለቱ መካሪዎች መካከል ነው። በአንድ እጁ ምክር ይዟል፤ በሌላው እጁ ግን የወህኒውን በር ሊያስከፍት ይችላል። የሙያው ታሪክ ሁሉ በእነዚህ በሁለቱ እጆች መካከል ያለ ታሪክ ነው። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሹሙ ከመፈጠሩ በፊት ሥራውን የሚሠሩ ሌሎች ነበሩ። በቀድሞዪቱ ኢትዮጵያ የተከሰሰ ሰው ዋስ ይጠራ ነበር። ዋስ የሚሆነውም የሚያውቀው ሰው ነው፤ ዘመድ፣ ወዳጅ፣ ያገሩ ልጅ። ዋስ ያጣ ሰው ግን ቁራኛ ይሆናል። ከሳሽና ተከሳሽ፣ ወይም አበዳሪና ባለዕዳ፣ በአንድ ሰንሰለት ተቆራኝተው ነገራቸው እስኪያልቅ ድረስ አብረው ይውሉ፣ አብረው ያድሩ ነበር። ይህን ልማድ በዘመኑ ኢትዮጵያን የጎበኙ የውጭ አገር ሰዎች በጽሑፍም በፎቶግራፍም መዝግበውታል። ልማዱ ከቀረ ረጅም ጊዜ ቢሆነውም ቃሉ አልሞተም፤ ከመኝታው መነሣት ያልቻለ ሕመምተኛ ዛሬም «የአልጋ ቁራኛ» ይባላል። ዋስና ቁራኛ እንግዲህ ሁለት ዓይነት ጥበቃዎች ናቸው፤ ዋሱ በእምነት ይጠብቃል፣ ቁራኛው በሰንሰለት።

በምዕራቡ ዓለምም ሙያው የተጀመረው በዋስ ነው። በ1841 ጆን ኦገስተስ የተባለ የቦስተን ጫማ ሰፊ በከተማው ፍርድ ቤት ተቀምጦ ሳለ አንድ ሰው በስካር ተከሶ ቀረበ። የሰካራም ዕጣ የታወቀ ነበር፤ ማረሚያ ወደሚባለው እስር ቤት መላክ። ኦገስተስ ተከሳሹን ጠጋ ብሎ ካነጋገረው በኋላ፣ ዳግመኛ ላለመጠጣት ቃል አስገብቶ ዋስ ሆነው። ሰውዬው ከሦስት ሳምንት በኋላ ዳኛው ፊት ሲመለስ መልኩም አኳኋኑም ተለውጦ ስለ ነበር፣ በእስራት ፈንታ የአንድ ሳንቲም መቀጫና የፍርድ ቤቱን ኪሣራ ብቻ ከፍሎ ተሰናበተ። ጫማ ሰፊው ከዚያ ቀን ጀምሮ በ1859 እስከ ሞተበት ጊዜ ድረስ ወደ 2,000 ለሚጠጉ ሰዎች ዋስ ሆኗል። ማደሪያ ፈለገላቸው፤ ሥራ አስያዛቸው፤ ስለ ጠባያቸውም ለዳኛው መሰከረ። ለዚህ ሁሉ ደመወዝ አልነበረውም። እንዲያውም የራሱ የጫማ ሥራ በዚሁ ምክንያት ተጎዳ።

የኦገስተስን ሥራ መንግሥት የወረሰው በ1878 ነው። በዚያ ዓመት የማሳቹሴትስ ሕግ ለቦስተን ከተማ ደመወዝተኛ የአመክሮ ሹም እንዲሾም ፈቀደ። የተሾመው ግን ጫማ ሰፊ አልነበረም፤ ኤድዋርድ ሳቬጅ የተባለ የከተማው የቀድሞ ፖሊስ አዛዥ ነበር። ዋሱ የነበረበትን ወንበር የያዘው ጥበቃን ሙያው ያደረገ ሰው ነው። ሳቬጅ ሥራውን በትጋት እንደ ፈጸመ ይነገርለታል፤ ቢሆንም ሥራው ወዴት ሊያዘነብል እንደሚችል ከመጀመሪያው ሹመት ጀምሮ መታየቱ አልቀረም።

በእንግሊዝ አገር ነገሩ የተጀመረው በአምስት ሽልንግ ነው። በ1876 ፍሬደሪክ ሬይነር የተባለ አታሚ፣ መጠጥን ለማስቀረት ለቆመው የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ማኅበር ደብዳቤና አምስት ሽልንግ ላከ። አንድ ጊዜ ወድቆ ፍርድ ቤት የቀረበ ሰው የሚያነሣው ስለሌለ ተመልሶ ይወድቃል፤ ስለዚህ በፍርድ ቤቶች አጠገብ አንድ ነገር ይደረግ የሚል ነበር ሐሳቡ። ማኅበሩም በለንደን ፍርድ ቤቶች ሰባኪዎችን አሰማራ። ከሠላሳ አንድ ዓመት በኋላ በ1907 የወጣው ሕግ የእነዚህን ሰባኪዎች ሥራ የመንግሥት ሥራ አደረገው። ሕጉ የሹሙን ተግባር በሦስት ግሦች ወሰነው፤ መምከር፣ መርዳትና ወዳጅ መሆን። አንድ ሕግ የመንግሥት ሠራተኛን «ወዳጅ ሁን» ብሎ ማዘዙ ያልተለመደ ነገር ነው። ወዳጅነት በትእዛዝ ይሆናልን? ሹሞቹ ራሳቸው ሲጠይቁት የኖሩት ጥያቄ ነው።

እነዚህ ሦስት ግሦች ወደ ምሥራቅ አፍሪካ የገቡት በቅኝ አገዛዝ መርከብ ነው። በኬንያ የአመክሮ ሕግ የወጣው በ1943 ሲሆን ሥራው በ1946 ተጀመረ። ሕጉ የመጣበት አገር ግን ለወዳጅነት የተመቸ አልነበረም። ከ1920 ገደማ ጀምሮ አፍሪካውያን ወንዶች «ኪፓንዴ» የሚባለውን የመታወቂያ ወረቀት በብረት ማኅደር አድርገው ከአንገታቸው እንዲያንጠለጥሉ ይገደዱ ነበር፤ ሳይዝ የተገኘም ይቀጣ ነበር። ሰው ወህኒ የሚገባው ሰርቆ ወይም ተደባድቦ ብቻ ሳይሆን ወረቀቱን ቤቱ ረስቶም ነው። ከ1952 እስከ 1960 በዘለቀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ደግሞ በአሥር ሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ያለ ፍርድ በማጎሪያ ሰፈሮች ታስረዋል። በአንድ መንግሥት ሥር፣ በአንድ ዘመን፣ አንዱ መሥሪያ ቤት ወዳጅ እንዲሆን ታዘዘ፤ ሌላው ሰንሰለት ያጠብቅ ነበር።

ቢሆንም ሕጉ በውስጡ አንድ መልካም ዘር ነበረው። ዳኛው የአመክሮ ትእዛዝ ከመስጠቱ በፊት፣ ነገሩ ምን ማለት እንደ ሆነ ጥፋተኛው በሚገባው ቋንቋ ሊያስረዳውና ፈቃዱን ሊጠይቀው ይገባል። ከስድስት ወር ያላነሰ፣ ከሦስት ዓመት ያልበለጠ የፈተና ዘመን ነው የሚሰጠው፤ የተፈረደበት ሰው ካልፈቀደ ግን አመክሮ የለም። እስራት የእስረኛውን ፈቃድ አይጠይቅም፤ አመክሮ ግን ያለ ቃል ኪዳን አይጸናም። በዚህ ረገድ አመክሮ ከቁራኛ ይልቅ ለዋስ ይቀርባል።

ኬንያ በ1963 ነፃ ስትወጣ ሕጉንም መሥሪያ ቤቱንም አላፈረሰችም። ሹሞቹ አገሬዎች ሆኑ፤ ሥራውም ቀስ በቀስ የአገሬውን መልክ ያዘ። የሹሙ ዋና ሥራ ዳኛው ቅጣት ከመወሰኑ በፊት ስለ ጥፋተኛው አጣርቶ መጻፍ ነው። ለዚህም ከቢሮው ተነሥቶ መንደር ይወርዳል። ቤተ ሰቡን ያነጋግራል፤ የቀበሌውን ሹም፣ ሽማግሌዎችንና አሠሪውን ይጠይቃል፤ ከሁሉም በላይ ወደ ተበዳዩ ቤት ይሄዳል። ይህ ሰው ቢመለስ ጎረቤቱ ይቀበለዋልን? የተሰረቀው ላም ተመልሷልን? እርቅ ተጀምሯልን? በፍርድ ቤት አዳራሽ የማይሰሙት እነዚህ ነገሮች በሹሙ ወረቀት ላይ ይሰፍራሉ። በ2010 የጸደቀው ሕገ መንግሥት የዋስትናን መብት ካሰፋ ወዲህ ደግሞ ሹሞቹ ተከሳሹ በዋስ ቢለቀቅ ይበጃል ወይስ አይበጅም የሚለውን እንዲያጠኑ በፍርድ ቤት ይጠየቃሉ። ጆን ኦገስተስ ወደ ጀመረበት ቦታ መመለስ ነው ይህ።

የሥራው ክብደትም እዚህ ላይ ይታያል። ሹሙ መንደር ሲወርድ ሰው እንደ ወዳጅ ያጫውተዋል፤ እናት የልጇን ነውር ሳትደብቅ ትነግረዋለች። የሰማውን ግን ለዳኛ ይጽፈዋል። በፈተናው ዘመንም እንዲሁ ነው። የሚጠብቀው ሰው ቀጠሮ ሲያጓድል፣ ሥራ ሲያቆም፣ ወደ ቀድሞ ባልንጀሮቹ ሲመለስ የሚያውቀው እሱ ነው። አንድ ጊዜ ይመክራል፣ ሁለት ጊዜ ይመክራል። ሦስተኛው ላይ ጉዳዩን ለፍርድ ቤት ካቀረበው ሰውዬው ሊታሰር ይችላል፤ ዝም ካለም ሌላ ሰው ሊበደል ይችላል። ወህኒ ጠባቂው ይህ ፈተና የለበትም፤ በሩን ቆልፎ ይተኛል። በአመክሮ ዘመን ግን የሚፈተነው ጥፋተኛው ብቻ አይደለም፤ ሹሙም ከእሱ ጋር ይፈተናል።

ከ1990ዎቹ ወዲህ በሹሙ ላይ ሌላ ሥራ ተጨመረ። በመላው አፍሪካ ወህኒ ቤቶች ከልክ በላይ ተጨናንቀው ስለ ነበር፣ በ1996 በካምፓላ የተሰበሰቡ የአፍሪካ የሕግና የወህኒ ሰዎች ለቀላል ጥፋት ከእስራት ሌላ መንገድ እንዲፈለግ የሚያሳስብ መግለጫ አወጡ። ዚምባብዌ አስቀድማ በጀመረችው ፈለግ፣ ኬንያ በ1998፣ ኡጋንዳ በ2000፣ ታንዛኒያም በ2002 የማኅበረሰብ አገልግሎት ሕግ አወጡ። በኬንያው ሕግ መሠረት ከሦስት ዓመት ያልበለጠ እስራት የሚገባው ሰው በእስራቱ ፈንታ ያለ ደመወዝ ለሕዝብ ይሠራል፤ መንገድ ይጠግናል፣ ዛፍ ይተክላል፣ ትምህርት ቤትና ሆስፒታል ያድሳል፣ ማታ ወደ ቤቱ ይገባል። መንደሩ የበደለውን ሰው ሲሠራ ያየዋል፤ የተከለውም ዛፍ ከቅጣቱ ዘመን በኋላ ይቀራል። ይህንንም የሚከታተሉት የአመክሮ ሹሞች ናቸው። ኬንያ በተጨማሪ የጃፓንን አርአያ ተከትላ፣ በየመንደሩ የሚኖሩ በጎ ፈቃደኞች ሹሞቹን እንዲያግዙ አድርጋለች። ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ ቆይቶ ደመወዝ የሌለው ጎረቤት እንደገና ተፈለገ።

ኢትዮጵያ የሄደችበት መንገድ ሌላ ነው። ስዊሳዊው የሕግ ሊቅ ዣን ግራቨን ያረቀቀው የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ቅጣትን መገደብንም በአመክሮ መፍታትንም ደንግጎ ነበር፤ ይህንን ሕግ የተካው በአዋጅ ቁጥር 414/1996 የወጣው የወንጀል ሕግም ሁለቱንም ጠብቋቸዋል። ከቅጣቱ ሁለት ሦስተኛውን የፈጸመ፣ ዕድሜ ልክ የተፈረደበት ከሆነም ሃያ ዓመት የታሰረ ሰው በአመክሮ ሊለቀቅ ይችላል። ይሁን እንጂ መንደር ለመንደር እየዞረ የሚመክርና የሚከታተል፣ እንደ ኬንያው ያለ የሹሞች መሥሪያ ቤት ለአሥርት ዓመታት አልተዘረጋም። ቅጣቱ የተገደበለት ሰው የመልካም ጠባይ ዋስ ጠርቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ የሚመክረው ካገኘ ዘመዱ፣ ዕድሩ ወይም ያገር ሽማግሌ ነው። መካሪ ያለው ይቆማል፤ የትውልድ ቀዬውን ትቶ ወደ ከተማ የፈለሰና ዘመድ የሌለው ግን ለሁለተኛው መካሪ ይቀራል።

ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ትምህርት ሁለት ወገን አለው። መሥሪያ ቤት ያላቸው አገሮች ወዳጅነት በደመወዝና በወረቀት ብቻ እንደማይገኝ ተምረዋል፤ ስለዚህ ጎረቤትን ይፈልጋሉ። ጎረቤትን ብቻ ይዘው የኖሩ አገሮች ደግሞ ጎረቤት የሌለው ሰው እንዳለ፣ ለእሱም ሕግ ዋስ ሊሆነው እንደሚገባ ከጎረቤቶቻቸው መማር ይችላሉ። ሹም የሌለው ዋስ ይደክማል፤ ዋስነት የሌለው ሹምም ቁራኛ ይሆናል። ተረቱም ቢሆን ለመከራ ተራውን አልነፈገውም፤ ነገር ግን መከራን ከመጥራቱ በፊት «ምከረው» የሚለውን ሁለት ጊዜ ይደግመዋል።