ቅመም፣ የሸራ መርከብና የኦሞ ታንኳ፤ ወደ ዱስ ስለሚያደርሰው ውኃ አጭር የታሪክ ሐተታ

የቅመም አገሮች ታሪክ ከመርከብ ታሪክ ተለይቶ ሲነገር እምብዛም አይሰማም። ገውዝ የሚበቅልባቸው የባንዳ ደሴቶች ከጃቫ፣ ከማላይና ከዐረብ አገር በሚመጡ ነጋዴዎች ዘንድ ከታወቁ ከብዙ ዘመን በኋላ፣ በ1512 የፖርቱጋል መርከቦች ሸራቸውን ዘርግተው ደረሱባቸው። ዛንዚባርም በ19ኛው ምዕተ ዓመት በቅርንፉድ ስትበለጽግ ያበለጸጋት በወራቱ ነፋስ የሚመላለሰው መርከብ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

የእኛም አባቶች ከዚህ ሥራ የራቁ አልነበሩም። በአንደኛው ምዕተ ዓመት የተጻፈው የኤርትራ ባሕር መምሪያ የአዱሊስን ወደብ ይገልጻል፤ ዛሬ ሶቆጥራ የምትባለውንም ደሴት በዲዮስቆሪዶስ ስም ይጠቅሳታል። ዕጣንና እሬት በሚገኝባት በዚህች ደሴት፣ ሆቅ በተባለው ዋሻ ውስጥ፣ በ2000 እና በተከታዮቹ ዓመታት መርማሪዎች ብዙ ጽሑፎችን አግኝተዋል። ከእነዚያም ውስጥ አብዛኞቹ የህንድ ፊደል ሲሆኑ፣ ከደቡብ ዐረብና ከግሪክ ጽሑፎች ጋር የአክሱም ሰዎች የጻፏቸው ይገኙባቸዋል። ስለዚህ በሸራ ተጉዞ ሩቅ ደሴት መድረስ ለኢትዮጵያዊ እንግዳ ነገር ነበር ማለት አይቻልም።

ከዚህ የተነሣ አንድ ጥያቄ ይከተላል። ኢትዮጵያ ራስዋ የቅመም አገር ሆና ሳለች፣ ቅመሙ ወደሚበቅልበት ወደ ደቡብ ምዕራብ ምድር ስለምን አንድ የሸራ መርከብ እንኳ አልደረሰም? ኮረሪማ በከፋ፣ በባስኬቶና በጂንካ ዙሪያ ባለው በአሪ ደጋ ጥላ ሥር የሚበቅል የአገራችን ቅመም ነው። ፍሬው ተበስቶ በገመድ ይሰካና ደርቆ ለገበያ ይቀርባል። እንግሊዛዊው ቻርልስ ቢክ በ1840ዎቹ በጎጃም በባሶ ገበያ አግኝቶት ናሙናውን ወደ አገሩ ስለ ወሰደ፣ የመድኃኒት ሊቁ ፔሬይራ በዚሁ በአገሩ ስም ለአውሮፓ ሊቃውንት አስታወቀው። ከባሶም በነጋዴ ጓዝ እስከ ምጽዋ ተጭኖ ወደ ዐረብ አገርና ወደ ህንድ ይሻገር ነበር። መርከብ ያገኘው እንግዲህ በጉዞው መጨረሻ ነው፤ ከዚያ በፊት ያለው መንገድ ሁሉ የበቅሎ፣ የአህያና የሰው ትከሻ ነው።

የዚህም ምክንያቱ የኦሞ ወንዝ ጠባይ ነው። ኦሞ ከጊቤ ውኆች ተሰብስቦ 760 ኪሎ ሜትር ያህል ይወርድና ወደ ቱርካና ሐይቅ ይገባል። ሐይቁ ከሚያገኘው የወንዝ ውኃ ከመቶ 80 እጅ በላይ የሚሆነው ከኦሞ ነው፤ ነገር ግን ሐይቁ ወደ ባሕር የሚወጣበት በር የለውም። ከባሕር ተነሥቶ ወደ ላይ የሚወጣ መርከብ ስለዚህ ኦሞን ሊያገኘው አይችልም። ይህ ግን ለብዙ ዘመን ለውጭ ሊቃውንት የተሰወረ ነበር። ፈረንሳዊው አንቷን ዳባዲ በ1846 የጊቤን ምንጭ የነጭ ዓባይ ምንጭ ነው ብሎ ሲያውጅ፣ ሌሎች ደግሞ ኦሞ ከጁባ ወንዝ ጋር ተገናኝቶ ወደ ህንድ ውቅያኖስ ይፈስሳል ይሉ ነበር።

በ1888 ሳሙኤል ቴሌኪና ሉድቪግ ፎን ሄኔል ከደቡብ በእግር መጥተው ሐይቁን አዩና በኦስትሪያው አልጋ ወራሽ ስም ሩዶልፍ አሉት። በ1895 አሜሪካዊው ዶናልድሰን ስሚዝ ከበርበራ ተነሥቶ ደረሰ። በ1896፣ ማለት የዐድዋ ድል በሆነበት ዓመት፣ ጣሊያናዊው ቪቶሪዮ ቦቴጎ የኦሞን ሸለቆ ተከትሎ እስከ ሐይቁ ወረደና ክርክሩን ዘጋው፤ እርሱም በሚቀጥለው ዓመት በምዕራብ ወለጋ ተገደለ። በ1898 ራስ ወልደ ጊዮርጊስ ከከፋ ተነሥተው በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ትእዛዝ እስከ ሐይቁ ሰሜን ጫፍ ዘመቱ፤ የአገሪቱንም ሰንደቅ ዓላማ ተከሉ። አብሮ የዘመተው ሩሲያዊው ቡላቶቪች የዘመቻውን ታሪክ ጽፎ በ1900 አሳትሟል። የወንዙ ጥያቄ የሊቃውንት ጥያቄ ብቻ እንዳልነበረ ከዚህ ይታያል፤ የወሰን ጥያቄም ነበረ። በታኅሣሥ 1907 ከእንግሊዝ ጋር የተፈረመው የድንበር ውል የዚሁ ፍጻሜ ነው።

እንግዲህ በመዝገብ የተጻፈው ደራሽ ሁሉ በየብስ የመጣ ነው። በውኃ መድረስን የሚያውቀው ግን ስሙ በመዝገብ ያልገባው የወንዙ ሰው ነበር። ዱስ በኦሞ ምሥራቃዊ ዳር የምትገኝ የካራ ሕዝብ መንደር ናት። ካራዎች በቍጥር ጥቂት ሲሆኑ ቋንቋቸው ለሐመርና ለበና የቀረበ ነው። ከወዲያ ማዶ ኛንጋቶሞች አሉ። የካራ እርሻ በሙላቱ የተመሠረተ ነው፤ በክረምት የሞላው ወንዝ ሲጐድል በተወው ጥቍር አፈር ላይ ማሽላ ይዘራል። መሻገሪያቸው ከአንድ ግንድ ተቦርቡሮ የሚሠራ ታንኳ ነው፤ ሸራ አያውቅም፤ በረጅም እንጨት እየተገፋ ጅረቱን አቋርጦ ይሄዳል። ስለዚህ ኦሞ በዱስ ዘንድ ወደ ታች የሚያወርድ ጐዳና ከመሆኑ ይልቅ ከዳር ወደ ዳር የሚያገናኝ በር ነው። ማዶው እርሻም፣ ጎረቤትም፣ አንዳንድ ጊዜም ጠላት ያለበት ነውና በሩ ሲከፈትም ሲዘጋም ዋጋ አለው።

ታንኳው የኑሮን ሥርዐት እስከ መወሰን መድረሱን ሊቃውንት አሳይተዋል። ዴቪድ ተርተን በ1986 ባወጣው ጥናት፣ በሰሜን ያሉት ሙርሲዎች በኰጉዎች ታንኳ እንደሚሻገሩ፣ ኰጉዎችም ማርና የአደን ሥጋ እንደሚያቀርቡላቸው፣ በአጸፋው ጥበቃና ለጥሎሽ የሚሆን ከብት እንደሚያገኙ ጽፏል። በዱስ አካባቢ ሙጉጂ የሚባሉት የዚሁ የዓሣ አጥማጆችና የንብ አርቢዎች ወገን ናቸው፤ ከካራ ጋር ያላቸውን ዝምድና ጃፓናዊው ሂሮሺ ማትሱዳ መርምሮታል። ባለ ከብቱ የበላይ፣ ባለ ታንኳው የበታች መስሎ ይታያል፤ ሆኖም ወንዙ በሞላ ጊዜ ባለ ከብቱ ያለ ባለ ታንኳው ፈቃድ ከዳር አይነቃነቅም።

ይህ ሥርዐት ዛሬ መሠረቱ ተነዋውጧል። የጊቤ ሦስት ግድብ በ2015 ውኃ መያዝ ጀምሮ በታኅሣሥ 2016 ከተመረቀ ወዲህ የወንዙ ዓመታዊ ሙላት እንደ ቀድሞው አልሆነም፤ በሙላቱ የቆመው እርሻም ከእርሱ ጋር ተጐድቷል። ለአገሪቱ መብራት የሚሰጠው ሥራ ለወንዙ ዳር ሕዝብ ምን እንዳስከፈለ መመዘን የሌላ ጽሑፍ ጉዳይ ነው። በዚህ ረገድ የታሪክና የሕዝብ ጥናት ተማሪ ፋንታ ግን የታወቀ ነው፤ ታንኳው የሚቈረጥበትን ዛፍ ስም፣ የእያንዳንዱን ክፍል መጠሪያ፣ የመሻገሩን ደንብና ዋጋ፣ የባለ ታንኳንና የባለ ከብትን የአደራ ውል፣ ሙላቱን ያዩ ሽማግሌዎች ሳያልፉ ከአንደበታቸው ሰምቶ በጽሑፍ ማኖር ነው። የአክሱም መርከበኞች የራሳቸውን ምስክር በሶቆጥራ ዋሻ ጽፈው አኑረዋል፤ የኦሞ ታንከኞች ምስክር ግን እስካሁን በቃል ብቻ ነው ያለው።