ከፒትማን ፖስታ እስከ ኮምፒዩተር ትምህርት

በኮምፒዩተር የሚሰጥ ትምህርት በግላቸው አዘጋጅተው በውል የሚያስረክቡ መምህራን ዛሬ አሉ። ሥራው አዲስ ቢመስልም ሥሩ የቆየ ነው።

እንግሊዛዊው መምህር አይዛክ ፒትማን ንግግርን በምልክት እየተከተሉ በፍጥነት የሚጽፉበትን የራሱን ስልት እ.ኤ.አ. በ1837 አሳተመ። በ1840 በአገሩ ቀላል ደብዳቤ በአንድ ፔኒ መላክ ሲጀመር፣ ስልቱን በአንዲት ወረቀት አጠቃሎ በፖስታ ማስተማር ያዘ። ተማሪው ከመጽሐፍ ቅዱስ ጥቂት ቁጥሮችን በምልክቱ ጽፎ ይልካል፤ ፒትማንም አርሞ ይመልስለታል። ተማሪው እየበዛ ሲሄድም በ1843 እርማቱን በነፃ የሚያካሂድ ማኅበር ተቋቋመ።

እንግዲህ ልብ እንበል። ወረቀቷ ብቻዋን አላስተማረችም፤ ትምህርቱን የፈጸመው ተመልሶ የሄደው እርማት ነው። የዛሬው የውል አዘጋጅ ግን ብዙውን ጊዜ ሥራውን አስረክቦ፣ ሒሳቡን ተቀብሎ ይለያል። እኔም ከማሠልጠኛ ተቋሙ ሥራዬ ውጭ አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ትምህርት ለአንድ ድርጅት አዘጋጅቼ ነበር፤ ተማሪዎቹ የትኛው ጥያቄ ላይ እንደተሰናከሉ ግን እስከ ዛሬ አላውቅም።

ስለዚህ መምህራን ሆይ፣ ውል ስንፈርም ከክፍያው አስቀድመን «የተማሪውን ስሕተት ማን ያያል? ለእኔስ ማን ይነግረኛል?» ብለን እንጠይቅ። ይህ በውሉ ካልሰፈረ ያስረከብነው ወረቀት እንጂ ትምህርት አይደለም።